ደም የተረፈው ቤት

የሐኪም ቤት ድሬሰር የሆነው ነገራ ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ሲመለስ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ኦቦ ሞረዳን መንገድ ላይ አገኛቸው። ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ቀለሟን በበቅሎ አስቀምጠው፣ እንዳትወድቅ ወገቧን ደግፈው ይሄዳሉ። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ነጠላዋ ላይ ስትስል የወጣ ደም ይታያል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ? ወዴት ነው?»

«ነጋ፣ ደኅና ነን፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ዲጋ ዋግምት ላሳግማት ነው።»

ነገራ በገነ። ደም የምትተፋን ሴት ደም ለማስቀዳት ዲጋ ድረስ! ባለፈው ወር ሐኪሙ ራጅ አንሥቷት ሐኪም ቤት ትቆይ ሲል፣ ሽማግሌው «እናስብበታለን» ብለው የወሰዷት ለዚህ ኖሯል። ቢሆንም ሽማግሌ ናቸውና ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ መጀመሪያ ልጅቱ እንድትጋደም ለመነ። ሣሩ ላይ ጋደም ስትል ትንፋሿ መለስ አለላት።

ኦቦ ሞረዳ በኩራት አስረዱት። የእነሱ ቤት ሰው ደመ ብዙ ነው፤ ከልጅነቱ ይነስረዋል፤ ካልቀነሱለት ይገድለዋል። እኅታቸውም ነፍሰ ጡር ሳለች ደም ስትተፋ ታግማለች።

«ዳነች?»

«አልዳነችም። ዘግይተን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኦቦ፣ አልዘገያችሁም። የጎደላትን ቀነሳችሁባት።» የቀለሟን የዓይን ቆብ ገለጥ አደረገ። «ይዩት፤ ቀይ መሆን ነበረበት፤ እንደ ባዘቶ ነጥቷል። ይህ ነው የተረፋት ደም? በሳንባ ውስጥ ደም እንደ ወንፊት በረቀቁ ሥሮች ሲያልፍ አየር ያገኛል፤ ጉድፉም ይጣራል። በእሷ ሳንባ አንድ ቦታ ላይ ወንፊቱ የለም፤ ወሳጁና መላሹ የደም ሥር በቀጥታ ተገጥመው እንደ ስስ ከረጢት አብጠዋል። እርግዝናው ሲገፋ ከረጢቱም ያድጋል። ቀና ስትል ደሙ ወደዚያ ከረጢት ይወርዳል፤ ተቀምጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ስትጋደም የሚመለስላት ለዚህ ነው። ከፈነዳ ሳንባዋ በደም ይሞላል። ያልተጣራው ጉድፍ ደግሞ ወደ ራስ ከወጣ ሽባ ያደርጋል፤ አንጎል ውስጥም መግል ይቋጥራል።»

«እንዲህ ያለው ነገር ከእናቷ ወገን ይሆናል።»

«ከንፈርዎ ላይ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦች የዚሁ በሽታ ምልክት ናቸው። ከእርስዎ ነው የወረሰችው። መውረሷ ጥፋትዎ አይደለም፤ ዋግምቱ ግን ጥፋትዎ ነው።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ዳሰሱ። ይህን ጊዜ ቀለሟ ከተጋደመችበት፣ «አባ፣ አክስቴም እንደኔ ልተኛ፣ ልተኛ ትል ነበር?» አለቻቸው።

«ትል ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ግን ተነሺ እያልን ደግፈን አስቀመጥናት።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ጋቢያቸውን አውልቀው ራሳቸው ቃሬዛ ሠሩ፤ መንገደኛ ጠርተው ነቀምቴ አስገቧት።

ቀለሟ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ የባሏ ደም ተሰጥቷት፣ በሐኪም ዓይን ሥር በሰላም ተገላገለች። ስትጠነክርም አዲስ አበባ ሄዳ የተበላሸው የሳንባዋ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ከቤተ ዘመዱ የሚነስራቸው ሁሉ ራጅ ተነሡ፤ ያንኑ ከረጢት የያዙ ሁለት ልጃገረዶች ሳያገቡ በጊዜ ታወቁ። ይህ ሁሉ ጥቅም ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ስንት እናት በኩራትና በዋግምት ቀንድ አለቀች!

የቀለሟ ልጅ በዘመድ አዝማድ በሚመረቅበት ቀን አንድ ዘመድ፣ ሕፃኑ እንደ ቤቱ ደመ ብዙ ይሁን ብሎ መረቀ። ኦቦ ሞረዳ አሜን አላሉም።

«ደም ተርፎን አያውቅም» አሉ። «እኅቴን የቀበርናት ደም ጎድሏት፣ ያንኑ ቀድተንባት ነው።»