የብሬከሩ ጓጉንቸር

ሰው ሲሞቀው አእምሮውም አብሮ ይቀልጣል መሰለኝ፤ የዚያን ቀን የሠራሁትን ሳስብ ሌላ ማመካኛ አላገኝም። የምመራው ቤተ መጻሕፍት ኤሲ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ አንባቢዎቹ ደብተራቸውን ማራገቢያ አድርገውት ነበር። ማሽኑ በሙቀት ጊዜ የሚያቀዘቅዝ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ዞሮ የሚያሞቅ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ያለ እሱ መቀመጥ ረስተናል። ከምሳ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። በሩ ላይ ያገኘሁትን ዘበኛ፣ ምድር ቤት ያለውን፣ የኤሲውን ኃይል የሚያቋርጠውን ብሬከር እንዲያይልኝ፣ ወርዶ ከሆነም እንዲያነሳው ነግሬው ነፋስ ልቀበል ጣራ ላይ ወጣሁ።

ጣራው ላይ፣ በኤሲው የውጭ ማሽን አጠገብ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። ለካ ጸሐፊዬ ሳትነግረኝ ጠርታቸው ኖሯል። አንዱን አውቃቸዋለሁ፤ አርባ ዓመት ሽቦ ሲጎትቱ የኖሩ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። መስመር ላይ ኃይል መኖሩን በጣታቸው ጀርባ ነካ አድርገው ስለሚለዩ ሰው ሁሉ በመለኪያው መሣሪያ ስም ጋሽ ቴስተር ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት። የኤሲ ጥገና ተምራ ስምንት ወር ሥራ አጥታ ከተቀመጠች በኋላ፣ አጎቷ ሱቃቸው አስገብተዋት ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

ሰላምታ ተለዋውጠን የጠቡን መነሻ ጠየቅሁ። ልጅቱ ወደ ጣራው ከመውጣቷ በፊት የኤሲውን ብሬከር አውርዳ፣ እንዳይነሳ ቀይ ጓጉንቸር ቆልፋበታለች። ቁልፉን ደረት ኪሷ ከትታ በአዝራር ዘግታዋለች። አጎትየው ይህን እንደ ስድብ ቆጥረውት፣ አሁኑኑ ወርዳ እንድትፈታው ያዛሉ።

«እርስዎ ይፍረዱኝ» አሉኝ። «ጓጉንቸር ለሌባ ነው። እኔ ጠዋት ቦታውን ለማየት ስመጣ፣ ስንሠራ ማንም እንዳይነካብን ለዘበኛው ነግሬዋለሁ። የሰው ቃል አነሳትና ብረት አመጣች።»

«ጋሼ፣ የነገሩት ዘበኛ እኮ ስድስት ሰዓት ላይ ተረኛ ቀይሮ ቤቱ ገብቷል» አለች ልጅቱ። «ቃልዎም አብሮት ገብቷል። ጓጉንቸሩ ግን ተራ አይቀይርም።»

አነጋገሯ ትሕትና ነበረው፤ አቋሟ ግን ንቅንቅ አይልም። እኔም የተማረ ሰው አጉል ልማድ ሆነብኝና፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ የሚል ለማንም የማይረባ ሽምግልና ጀመርኩ። ማንም አልሰማኝም።

ጋሽ ቴስተር እጃቸውን ዘርግተው፣ እነዚህ ጣቶች ከማንኛውም መሣሪያ እንደሚበልጡ ነገሩኝ። ልጅቱም መለሰችላቸው።

«እነዚያን ጣቶች አውቃቸዋለሁ። ትኩስ ብርጭቆ ሲይዙ ሁለቱ አይሰማቸውም፤ ሲቃጠሉ ኖረው ደንዝዘዋል። ደግሞስ ጣት ኃይል መኖሩን የሚናገረው ኃይሉ በሰውነት ካለፈ በኋላ አይደል? እኔ ቴስተሬን መጀመሪያ በሚሠራ መስመር ላይ እሞክረዋለሁ፣ ከዚያ እዚህ እለካለሁ፣ ተመልሼም እሞክረዋለሁ። ብሬከሩ ወርዶ እንኳ ማሽኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ያጠራቀመውን ኃይል ይዞ ይቆያል፤ እሱን አራግፌ ሳልለካ ምንም አልነካም፤ ይሄንንም አራግፌዋለሁ።»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«እንግዲያው ነገ ሱቄ እንዳላይሽ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ስምንቱን ወር ያሰበች ይመስለኛል። «እሺ፣ አልመጣም» አለች። «ዛሬ ግን እጅዎ ማሽኑ ውስጥ እያለ ያ ጓጉንቸር አይከፈትም።»

አንጀቴን በላችኝ፤ ሆኖም በአንድ ቃል እንኳ አልደገፍኳትም። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተዋት በተከፈተው ማሽን ፊት ተንበረከኩ። አንዱ ብሎን ላልቶ ሽቦው እሱ ሥር ጠቁሯል። በካቻቢቴ ፈቱትና ራቁቱን መዳብ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ዘበኛው ነው።

«ጌታዬ፣ ያዘዙኝን ብሬከር ላነሳው ብል ሰው ጓጉንቸር አድርጎበታል። መዶሻ አግኝቻለሁ፤ ልስበረው?»

ስልኬ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ሦስታችንም ሰማነው። እንዳይነካው፣ ከሳጥኑም ራቅ እንዲል ነገርኩት። ሽማግሌው መዳቡን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ለቀቁትና እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ተናዘዝኩ።

ጋሽ ቴስተር የደነዘዙትን ጣቶቻቸውን አገላብጠው አዩአቸው።

«እነዚህ በተቃጠሉ ቁጥር መስመሩን ስረግም ነው የኖርኩት» አሉ። «ለካ ብሬከሩን የሚያነሳብኝ እንደ እርስዎ ያለ ደህና ሰው ነበር።»

ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነበር፤ ይገባኛልም። አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ለክፋት አልተነሳሁም። ሞቀኝና አዘዝኩ፤ ዘበኛውም ታዛዥ ሆነ። ሰው የሚሞተው በዚህ ዓይነት ቅንነት ጭምር ነው። ስለዚህ የሚሠራ ሰው የራሱ ጓጉንቸር፣ ቁልፉም በራሱ ኪስ ሊኖረው ይገባል። ሁለት ሆነው ሲሠሩ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠልጠል፤ አንዱ ቢረሳ የሌላው ያድነዋል። ከማሽኑ አጠገብ የኃይል ማቋረጫ ቢኖር ደግሞ ሠራተኛው መስመሩን ዓይኑ ሥር ይዘጋዋል። ይህን የመጨረሻውን ያሳሰቡኝ ጋሽ ቴስተር ራሳቸው ናቸው፤ በሳምንቱም መጥተው ገጠሙልን።

ልጅቱ የጠቆረውን ሽቦ ቆርጣ፣ ጫፉን አዲስ አድርጋ ብሎኑን አጠበቀች። አጎቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ ቁልፉን አምጪ፣ ወርጄ ላንሳው።»

«የማሽኑ ክዳን ገና አልተገጠመም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ነገ በጊዜ እንድትመጣ፣ በመንገዳቸው ላይም ለራሳቸው አንድ ጓጉንቸር እንደሚገዙ ነገሯት። ከቀዩ ጋር እንዳይምታታባቸው ሰማያዊ እንዲሆን ብቻ ጠየቀች፤ ቁልፏን ግን አልሰጠችም።

እኔ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ዘበኛው ከብሬከሩ ሳጥን ራቅ ብሎ ቆሟል፤ መዶሻውን እንደያዘ ትእዛዜን ይጠብቃል።