የኮሎኔሉ ሾፌር

— ሄሎ?… ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ… አባባ! እርስዎ ነዎት? ይሄ የማን ስልክ ነው?… ከውጫሌ? የትኛው ውጫሌ፣ የእኛው?… የሶማሌ ድንበር ላይ ያለው?! ከኮምቦልቻ ተነስተው እዚህ ድረስ፣ ሳይነግሩኝ!

— (ሙሰዓብ፣ ኮምፒዩተሩን እንዳትዘጋው፣ አባቴ ናቸው!)

— አለሁ አባባ፣ የሥራ ባልደረባዬን ነው።… ይዘውኝ ሊመለሱ? ባዶ ሻንጣ ሁሉ ይዘው? ምን አጥፍቼ?… ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ነፋሱ አያሰማም።… የምን ኮሎኔል?

— እኔ?… የኮሎኔል ሾፌር?… አልሳቅኩም፣ ወላሂ አልሳቅኩም።… እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ማን ነው እንዲህ ያለዎት?… ጨርቅ የሚያመጣልዎት ዲሪር? እሱስ ከማን ሰማ?… ከዘበኛችን ከቡራሌ! በቃ፣ አሁን ገባኝ።

— የለም፣ ቡራሌም አልዋሸም። ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ከርነል ድራይቨር» ብዬዋለሁ። በሶማልኛ ደግሞ ኮሎኔልን «ኮርኔይል» ነው የሚሉት። ድራይቨር ያው ሾፌር ነው። ሰውየው የኮሎኔል ሾፌር አድርጎኝ አረፈ! ለካስ ጠዋት ጠዋት ብድግ ብሎ ሰላምታ የሚሰጠኝ ለዚህ ነው።

— ከርነል?… እንዴት ልበልዎት… የማሽኑ ዋና አዛዥ ነው። እሱ ሳይፈቅድ ምንም አይንቀሳቀስም።… ኧረ አባባ፣ ሰው አይደለም! ጢምም ሽጉጥም የለው፣ ፕሮግራም ነው።… ድራይቨሩን ደግሞ አስተርጓሚ ይበሉት። ዕቃው በራሱ ቋንቋ ያወራል፣ አዛዡ አይገባውም። መሐል ገብቶ የሚያግባባቸውን ነው እኔ የምጽፈው።

— አሁን? ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ነኝ፣ የሰፈሩ ውሃ ታንከር ሥር። አሮጌው በድሮው ጦርነት ተበሳስቶ ቀረ፣ ይሄኛው ገና ባለፈው ወር ነው የቆመው።… ሄሎ? ይሰሙኛል?… ፓምፑን የምታዘው መዳፍ የምታክል ቦርድ ናት። ውሃው ሲጎድል ታስነሳዋለች፣ ሲሞላ ታቆመዋለች።

— ይሠራል ወይ?… እርስዎን አልዋሽም፣ አልሠራም። ሦስት ቀኔ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ አርባ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ራሴ ወጥቼ በእንጨት ለክቼዋለሁ። ማሽኑ ግን መቶ አስራ ሁለት ሜትር ነው ብሎ ድርቅ! ከመስጊዱ ሚናራ በላይ! ሞልቷል ብሎ ስላመነ ፓምፑን አያስነሳም። ሰፈርተኛው ጄሪካን ይዞ ተሰልፏል። አሠሪዬ ሀሊማ ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ካልሠራ ነቅላችሁ ሂዱ ብላለች።

— እሺ፣ ካልሠራ ልብሴን ሻንጣዎ ውስጥ ከትቼ አብሬዎት እመለሳለሁ። ቃሌ ነው።… ከሠራስ?… ከሠራ ይተዉኛል። ተስማማን?… ጨንቆኛል አባባ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ።

— መመሪያውማ አለ፣ በቻይንኛ ሆነ እንጂ።… ምን አሉ?… ውይ፣ አሁን ይሄ ምን አስታወሰዎት! አዎ፣ ልጅ ሆኜ ቁርአኑን በግራ በኩል ገልጬ… አዎ፣ መጨረሻውን መጀመሪያ ነው ብዬ… መድረሳው ሁሉ ስቆብኝ…

— ቆይ። ቆይ አባባ። አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ።… «ፈትሂያ ከየት በኩል እንደሚነበብ ሳታይ ትጀምራለች»…

— (ሙሰዓብ! ውሃውን የሚለካው ሴንሰር ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ አይደል የሚልከው? የኋለኛውን አስቀድሞ እየላከው ቢሆንስ? እሱ እንደ ዐረብኛ ከቀኝ እየጀመረ፣ እኛ እንደ አማርኛ ከግራ እያነበብነው! አዎ፣ ሁለቱን አቀያይራቸው። ድራይቨሩን አውጣና እንደገና ጫነው።)

— አለሁ፣ አይዝጉት።… ባለ ስልኩ ቸኮለ? ለአንድ ደቂቃ ይለምኑልኝ፣ በአላህ።

— (ጫንከው? ስንት አለ?… ስንት?!)

— አባባ! አርባ አራት አለ! አርባ አራት!… ቆይ፣ ስልኩን ወደ ቧንቧው ላስጠጋው………… ሰሙት?… ነፋስ አይደለም፣ ውሃ ነው! አልሐምዱሊላህ!… ጩኸቱማ የሴቶቹ ነው፣ እልል እያሉ ነው።

— እንዴ… ያለቅሳሉ እንዴ?… እኔም፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ያገኙት እኮ እርስዎ ነዎት።… ምን? ሊመለሱ? በፍጹም! ውጫሌ ድረስ መጥተው ዓይንዎን ሳላይ? አሁኑኑ መኪና ይያዙ፣ እዚሁ ከተማችን ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር ላይ እቀበልዎታለሁ።… ሻንጣውንም ይዘው ይምጡ፣ ለእናቴ የምሰደው ነገር አላጣም።… ሄሎ?… አባባ?… ሄሎ?

— ተቋረጠ።

— ሙሰዓብ፣ አባቴ እየመጡ ነው።… አይ፣ ሊወስዱኝ አይደለም። ይልቅ ለቡራሌ ደውልለት፦ የኮሎኔሉ ሾፌር አባት ናቸው የሚመጡት፣ ብድግ ብሎ ይቀበላቸው።