የግንበኛው እህት ፊርማ

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ወጥቼ ወደ ቢሮዬ ስታጠፍ የድሮ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጡትን ግንበኛ፣ መተላለፊያው ላይ አገኘኋቸው። ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘዋል። አግዳሚው ላይ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህታቸው አቀርቅራ ተቀምጣለች። የእህቲቱ ልጅ፣ በቅርቡ ሕግ ተምራ የተመረቀችው፣ ከፊታቸው ቆማ ትሟገታለች።

«ተመስገን፣ የማውቀው ሰው አገኘሁ!» አሉኝ። «ልጄ፣ ይህችን ወረቀት የት ነው የሚያጸድቋት? እህቴና ባሏ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ሊለያዩ ነው። እኔና ሁለት ሽማግሌዎች አስማምተናቸዋል። እሱ ፈርሟል፤ የሷ ብቻ ነው የቀረው።»

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እናቴ ያላነበበችውን አትፈርምም» አለች ልጅቱ።

«የጻፈው አባትሽ አይደል እንዴ? ጠላት ነው?»

«አባቴ ነው፤ እወደዋለሁም። ወረቀቱን ያስጻፈው ግን ለራሱ አስቦ ነው። ለእናቴስ ማን አሰበላት?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኛ ጊዜ ሰው ሲለያይ ገመናውን ሸፍኖ ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ ድስቱ የኔ፣ ብርድ ልብሱ የኔ ማለት ውርደት ነው። ቤቱ በስሙ ነው፤ እሷ የስፌት መኪናዎቿን ይዛ ትውጣ፣ ሠርታ ትበላለች። ለክብር ሲባል የሚተው ነገር አለ።»

«ክብሩ የቤት ኪራይ ይከፍልላታል? ደግሞ የቤቱን ግንብ የሠሩት እርስዎ ነዎት። ውሃውን ያመላለሰው ማን ነበር?»

ሽማግሌው ወደ እህታቸው ዞሩ። «እሷ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺን እርጉዝ ሆና።»

«እንግዲያው በማንም ስም ይመዝገብ፣ በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት የሁለቱም ነው። ሕጉ የሚለው ይህንን ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጉት። «እስኪ አንብብላትና ነገሩ ይለቅ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሚስት በቤቱ ላይ ጥያቄ የላትም ይላል፤ ይህን ያውቁት ነበር። ቀጥሎ ግን፣ «ለጭነት መኪናው ከባንክ የተወሰደውን ቀሪ ብድር ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ» የሚል መጣ።

«የምን መኪና?» አሉ ሽማግሌው።

«ባለፈው ወር የሸጠው ነዋ» አለች እህታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ብድሩ ላይ ስፈርም ‹ለይስሙላ ነው› ብሎኝ ነበር።»

ስለ ባልና ሚስቱ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ ደግሞ «አባት እንደ ፈቃዱ ይረዳል» ይላል።

«ባይፈቅድስ?» አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። «ይህን ማንም አልነገረኝም። እኛ የተነጋገርነው ስለ ቤቱ ብቻ ነው፤ ሌላውን ባሏ ‹ተስማምተናል› ነው ያለኝ።»

«ጋሼ፣ በቃ ደክሞኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልፈርምና ልገላገል።»

«አትፈርሚም!» አሉ፤ ድምፃቸው መተላለፊያውን ሞላው።

ስንቱ በድካምና በኩራት ፈርሞ፣ በዓመቱ መስኮቴ ሥር ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ! መድከም ኃጢአት አይደለም፤ የደከመ ሰው ግን እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት የሚያነብለት ሰው ይፈልግ።

እናትና ልጅ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ የጠየቁት የዚያኑ ዕለት ነበር። ደግ አደረጉ፤ ባልየው ለካ ከገዢ ቀብድ ተቀብሏል። ክርክሩ ዐሥራ አንድ ወር ፈጀ። ቤቱ በፍርድ ተሸጦ ለሁለት ተከፈለ፤ መኪናው የተሸጠበት ገንዘብ የት እንደገባ ግን ማስረጃ ጠፋ። በብድር ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የእናትየው ስለሆነ የብድሩ ግማሽ ከድርሻዋ ላይ ተቀነሰ። ዛሬ የምትኖረው ግድግዳው እርጥበት በሚተፋ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አባትየው ልጁን በመንገድ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። አሸነፉ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሆኖም የትንሹ ልጅ ቀለብ በቁርጥ ስለተፈረደ በየወሩ ይመጣል፤ እናትየው ለሥራዋ የምትሆን ጠባብ ሱቅ ገዝታለች፤ ከዚያ የሚያስወጣት የለም።

ከዚህ በኋላ ግንበኛው ብቻቸውን ወደ መስኮቴ መጡ። በሌላ መዝገብ ቁጥር ጠየቁኝ፤ የገዛ ልጃቸው ፍቺ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ራሳቸው አግባብተው፣ «ተይለት» ብለው ያስፈረሟት። ሁለት ሕፃናት ይዛ ዛሬ በሰው ቤት እየሠራች ትኖራለች።

«ሊከፈት ይችላል?» አሉኝ።

መዝገቡን አገላበጥኩ። ጸድቋል፤ የይግባኝ ጊዜውም አልፏል። እውነቱን ነገርኳቸው።

«ለእህቴ የደረስኩትን ለልጄ ሳልደርስ!» አሉና መስኮቱን ተደግፈው ቆሙ።

አሁንም ለሽምግልና ይጠራሉ። ንብረቱ ሁሉ፣ ዕዳው ሁሉ ተቆጥሮ ሳይጻፍ፣ የልጆች ቀለብ ሳይቆረጥ፣ ወረቀቱ ለሁለቱም ሳይነበብ አላስማማም ይላሉ። በሳቸው ምክር ከነልጆቿ ጎዳና ከመውጣት የዳነች አንዲት ሴት አውቃለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ከለከሏት።

«እኔን አታመስግኚ» አሏት። «ለዚህ ትምህርት የከፈለችው ልጄ ናት።»