ወጥቤቱና የድመቶቹ ድስት

ሰማዩ ሊዘንብ ሲያጉረመርም ከምሠራበት የመጽሐፍ ጥራዝ ቤት ወደ ማደሪያዬ ስጣደፍ፣ በግቢያችን በር ላይ ከጋሽ ወጥቤት ጋር ደረት ለደረት ተጋጨን። ይቅርታ ልጠይቅ አጎንብሼ ቀና ስል፣ በክንዳቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ከፎጣው ጫፍ አንዲት ቀጭን ጅራት ተንጠልጥላለች።

«ይቺም ሄደች» አሉኝ። ድምፃቸው የራሳቸው አይመስልም ነበር። «ከጓሮ ዛፉ ሥር ልቀብራት ነው። ስመለስ እንዳትጠፋ፤ የምጠይቅህ ነገር አለኝ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ስመለስ አልኩህ።»

እኒህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥቤት ነበሩ። ግቢው በሙያቸው ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ከስማቸው ይልቅ ሙያቸውን ይወዱታል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ ከቦይ፣ ከቆሻሻ ገንዳ፣ ከመኪና ሥር ድመት እያነሡ ማምጣት ጀመሩ። አንዱ አንድ ዓይና፣ ሌላው እግረ ሰባራ፣ ሌላዋ እርጉዝ። ድሮ የዱቄት መጋዘን በነበረው ምድር ቤታቸው ውስጥ ሲርመሰመሱ ላያቸው፣ አገር ምድሩን ያናጋ ስብሰባ የተጠራ ይመስል ነበር። ጡረታቸው ከወር ወር አታደርስም። ቢሆንም ማለዳ ተነሥተው ሥጋ ቤቱንና ዓሣ ሻጮቹን ይዞራሉ፤ ቅንጥብጣቢ ይለምናሉ፤ ድስታቸውን ጥደው እየቀመሱ ያበስላሉ፤ ወተትም ገዝተው ያጠጣሉ። «ያልጣፈጠ ምግብ ለፍጡር አላቀርብም» ይሉ ነበር።

እንግዲህ አንድ በአንድ ማለቅ የጀመሩት እነዚህ ድመቶች ናቸው። መጀመሪያ ይደክማሉ፤ ቀጥሎ ጥግ ይይዛሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሲጠሯቸው አይመጡም። ጋሽ ወጥቤት «ሰው መረዛቸው» አሉ። መስኮታቸውን በጣውላ ቸነከሩት። ከላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ባንድ ወቅት «ሽታው ገደለን» ብላ ነበርና እሷን በክፉ ዓይን ያዩአት ጀመር፤ እሷም ደንግጣ ልጆቿን ከቤት አላስወጣም አለች። ዘበኛው ሰው የሰጠውን ሻይ ሳያሸት መጠጣት ተወ። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ቤቱ ሁሉ ይታመማል። እኔም ከሰው ይልቅ ከደመና ጋር የማወራ ብቸኛ ነኝና፣ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ልቤ ከቦታው ይነሣ ነበር።

ጋሽ ወጥቤት ተመለሱ። እጃቸው ጭቃ ለብሷል። ወደ ክፍላቸው አስገቡኝና በሩን ከውስጥ ቆለፉት፤ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት። በምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ይንፈቀፈቃል። ከምድጃው አጠገብ፣ በአሮጌ ካፖርት ላይ፣ እሜቴ ተኝታለች። እሜቴ የድመቶቹ ሁሉ አሮጊት፣ ግራጫዋና የተከበረችው ናት፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከዝናብ ያስገቧት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ጎኗ ሲነሣና ሲወድቅ እምብዛም አይታይም።

«እሷ ከሞተች እኔም አልቆይም» አሉ ጋሽ ወጥቤት። ከዚያ ጭልፋቸውን ከድስቱ አውጥተው ወደ እኔ አዞሩት። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያቺ ቡሬ ለምን አልታመመችም?»

ቡሬ ከድመቶቻቸው አንዷ ናት፤ ግን ውላ የምታድረው በእኔ መስኮት ላይ ነው።

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ?»

«ሁሉ ሲረግፍ እሷ ብቻ ወፈረች። ከአንተ እጅ የምትበላ እሷ ብቻ ናት። መርዙን የሚያስቀምጠው ሰው የራሱን ድመት አይነካም፤ ወይስ ተሳሳትኩ?»

ከተሰጠኝ ዕድሜ ብዙውን በሐሳብ የምባክን ሰው፣ ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም። በጭልፋ ተመትቶ መሞት ያስቃል፤ ጭልፋውን የያዙትን ዓይን ላየ ግን አያስቅም ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህች በእሜቴ እምልልዎታለሁ...»

በሩ ተንኳኳ።

«አጎቴ! እኔ ነኝ፤ ይክፈቱልኝ፤ ዝናቡ ጨረሰኝ!»

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነበረች። በሌላ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ናት። «ጠላት ተነሥቶብኛል፣ ድረሽልኝ» ብለው ሰው ልከውባት ኖሮ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከእሜቴ አጠገብ ተንበረከከች። የድመቷን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ድዷ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር።

«ሽንቷ መልኩ ምን ይመስላል አጎቴ?»

«ቀልቷል። ጥቁር ሻይ ይመስላል። የሞቱትም እንዲሁ ነበሩ። መርዝ ነው አይደል?»

አልመለሰችላቸውም። ተነሥታ የድስቱን ክዳን ከፈተችና አሸተተች።

«ይህ የሚሸተኝ ምንድን ነው?»

«ሙያ ነዋ የሚሸትሽ!»

«ሽንኩርት አለበት?»

«አለበት ወይ ትያለሽ? ሽንኩርት ያላየ ድስት ድስት ነው? በዘይት ደህና አድርጎ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት ጣል ይደረግበታል፤ ጨው ይመጠናል፤ ሥጋው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ድሀ ብሆንም ለድመቶቼ ጥፍጥናውን አልነፈግኳቸውም።»

የሐኪሟ ፊት ጠቆረ። ክዳኑን በቀስታ መልሳ አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እሺ፣ ቆመው ይስሙኝ። የድመት ደም ሽንኩርት አይችልም። ቀዩም ነጩም ደሟን ያፈርሰዋል፤ ጥሬም ሆነ የበሰለ ለውጥ የለውም። ትንሽ ትንሹ በየቀኑ ሲሆን ደሙ ያልቃል፤ ድዱ ይነጣል፤ ሽንቱ ይቀላል። እሜቴን የያዛት ይኸው ነው።»

ጋሽ ወጥቤት ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደረቅ ነበር። «እኔ በሽንኩርት ስንት ተማሪ አሳድጌአለሁ! አንቺንም ጭምር!»

«እኔ ድመት አይደለሁማ።»

«ድሮስ? ድሮ ድመት የሰው ትራፊ እየበላች አልኖረችም? ያን ጊዜ ሐኪም ነበራት? ትምህርት ሲበዛ ሽንኩርትን ያስከስሳል እንዴ?»

«ድሮ ድመት አይጧንና ወፏን አድና ትበላ ነበር፤ የሰው ትራፊ ለእሷ ማጣጣሚያ ነበር። እርስዎ ግን ለደኅንነቷ ብለው በር ዘጉባት። ይህ ድስት ማጣጣሚያዋ መሆኑ ቀርቶ ቀለቧ ሆነ።»

«መርዝ ነው እያልኩሽ! ሰው መርዟቸው ነው!»

«እኔስ መርዝ አይደለም መቼ አልኩዎ?»

የድስቱ ክዳን ብቻ ይንቀጫቀጭ ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ ምላሴ ተፈታ።

«ጋሼ፣ ቡሬ እኔ ዘንድ የምትበላው የተቀቀለ እንቁላልና የዶሮ አንገት ሥጋ ነው። ምንም አልጨምርበትም። እርስዎ እንደሚያውቁት ማብሰል አልችልም፤ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ስለሚያለቅስ ቤቴ አላስገባውም።»

ሐኪሟ ዞር ብላ አየችኝ። «አዩ አጎቴ? መራዥ ቢኖር ኖሮ፣ ግቢውን ሁሉ የምትዞረዋ ድመት ቀድማ በሞተች ነበር። ሳትታመም የተረፈችው ከድስትዎ የማትበላው ብቻ ናት።»

የጋሽ ወጥቤት ጭልፋ ከእጃቸው ወደቀ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ሰው በጨለማ ውስጥ ሌባ ሲያባርር ቆይቶ፣ መብራት ሲበራ የያዘው የራሱን አንገት ሆኖ ቢያገኘው እንዲያ ይሆናል።

«ስለዚህ እኔ ነኝ» አሉ። «ፎጣው፣ ዛፉ ሥር... ሁሉም የእኔ እጅ ነው።»

«አላወቁም ነበር አጎቴ።»

«አለማወቄ አስነሣቸው?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ፍቅር ብቻውን ይበቃል የሚሉ ሰዎች ያን ምሽት እዚያ ክፍል ቢኖሩ መልካም ነበር። ከእኒህ ሽማግሌ ይበልጥ የሚወድ አልነበረም፤ ጉዳቱ የመጣው ግን ከመውደዳቸው ጋር በአንድ ድስት ተበስሎ ነው። ዕውቀት የሌለው ፍቅር ዓይኑን ጨፍኖ ልጅ አዝሎ እንደሚሮጥ ሰው ነው።

«ውሰጃቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉንም ውሰጃቸው። ከእንግዲህ ነፍስ ላለው ነገር አላበስልም።»

«የት ልውሰዳቸው? ወደ ቦዩ? ያነሡዋቸው እርስዎ፣ የሚጥሉዋቸው እርስዎ?»

«እንግዲያ ምን ላብላቸው? ሱቅ ያለው የድመት ምግብ ለዚህ ሁሉ አፍ በምን አቅሜ? ጡረታዬን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ሽንኩርቱን፣ ዘይቱንና ወተቱን የሚገዛው ያው ጡረታዎ አይደል? ሦስቱንም ይተዉአቸው። ወተትም ሆዳቸውን ያላላል እንጂ አይጠቅማቸውም፤ ልብስ ሰፊዋ የምታማርረው ሽታ ከዚያ ነው። በዚያው ዋጋ ሰው የሚንቀውን ሥጋ ይግዙ፤ የበሬ ልብ፣ የዶሮ አንገት፣ ጨጓራ ቢጤ። በተለይ ልቡን አይርሱ፤ ድመት ለዓይኗና ለልቧ የምትፈልገው ነገር እሱ ውስጥ ይገኛል።»

«አበሳሰሉስ?» አሉ። ፈርተው ነው የጠየቁት፤ ቢሆንም ወጥቤት ወጥቤት ነውና ጠየቁ።

«በጥቂት ውሃ ይቀቅሉት፤ ጨው የለ፣ ቅመም የለ። መረቁን አይድፉት፤ የሥጋው በጎ ነገር ወደ መረቁ ይወርዳልና አብሮ ይቅረብ። አጥንቱን አንድም ሳያስቀሩ ይልቀሙ፤ የበሰለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። በአጥንቱ ፈንታ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀው እንደ ዱቄት ወቅጠው ቆንጠር ያድርጉበት። ጉበት አልፎ አልፎ ብቻ፤ ዓሣም በየቀኑ አይሁን። ሩዝ ለመሙያ ጥቂት ይቻላል፤ ድመት ግን በእህል አትኖርም። የሱቁ ምግብ ረከስ ብሎ ሲገኝ ደግሞ ይቀላቅሉ፤ የጎደለውን ይሞላል።»

«አቀራረቡን እንኳ አውቅበታለሁ፤ በትልቁ ትሪ...»

«እሱም ይቅር! ከትሪ ኃይለኛው ይጠግባል፤ እሜቴ ትሪውን ልሳ ትመለሳለች። በትንንሽ ባዶ ቆርቆሮ ለየራሳቸው ይስጧቸው። ማን እንደ በላና ማን እንደ ተወ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ድመት መታመሟን በአፏ አትናገርም፣ በቆርቆሮዋ ትናገራለች። ደግሞም ወንዱንም ሴቱንም ላስመክንልዎ፤ ካልሆነ ድስቱ እያደገ ይሄዳል።»

ጋሽ ወጥቤት ድስቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲደፉት ከበሩ ሆኜ አየኋቸው፤ ዝናቡ ፊታቸውን ስላራሰው የትኛው ውሃ ከየት እንደ ሆነ አልለየሁም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ፍርሃት ነበር። ቀድሞ የሚፈሩት ሰውን ነበር፤ ሰውን በር ይከለክለዋል። አሁን የፈሩት ማንኪያቸውን ነው። መረቁን በጣታቸው ጫፍ ወደ እሜቴ አፍ ከማስጠጋታቸው በፊት ደጋግመው ያሸቱት ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቷን ሰጥታ «የተበላሸው ደም እስኪተካ ጊዜ ይፈልጋል፤ ትድናለች ብዬ አልምልልዎትም» አለቻቸው። አንድ ወጣት ወንድ ድመት ሕክምናው ዘግይቶበት ሞተ። እሱን ሲቀብሩ እኔ ቆፈርኩላቸው፤ ልብስ ሰፊዋም ወርዳ አጠገባችን ቆመች። «ጠረጠርኩሽ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። «እኔም ፈርቼዎት ነበር» አለቻቸው። ሌላ ነገር አልተባባሉም፤ ልጆቿ ግን ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ መጫወት ጀመሩ።

እሜቴ አንድ ጧት ራሷን ቀና አድርጋ መረቁን ከቆርቆሮው ላሰች። ድዷ እንደ ንጋት ሰማይ በዝግታ እየቀላ መጣ። የሌሎቹም ጠጉር ማንጸባረቅ ጀመረ፤ የሆዳቸው መላላት ሲቆም ሽታው አብሮ ቆመ፤ በጣውላ የተቸነከረውም መስኮት ተከፍቶ ፀሐይ ገባ። የሚደንቀው ወጪው ነው፤ ቀድሞ ከወር መጨረሻ በፊት ባዶ የሚሆነው የጋሽ ወጥቤት ኪስ አሁን ለእሳቸውም እራት ያተርፋል። የጎዳቸውን ነገር መግዛት ሲያቆሙ የሚጠቅማቸውን የሚገዙበት አገኙ። ብዙ ነፍስ ሰብስቦ የሚያኖር ሰው ሁሉ ይህን ይስማ፤ ድህነት ብቻውን ድመት አይገድልም፤ «ለእኔ የጣመኝ ለእሱም ይጥመዋል» የሚለው ልማድ ግን ይገድላል። ከመስጠት በፊት መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም።

ትናንት እኔ በመስኮቴ ተቀምጬ ደመና ስቆጥር በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ወጥቤት ሽርጥ ታጥቀው፣ በእጃቸው ሳህን ይዘው ቆመዋል።

«ቅመስ» አሉኝ።

«የድመቶቹ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ቅመስ አልኩህ! እኔ ምላሴን አላምነውም። ዕድሜ ልኩን ጨው ሲቆጣጠር የኖረ ምላስ፣ ባዶ ድስት ውስጥም ጨው ያገኛል። እጄም ከልማዱ የተነሣ ሳላውቀው ጣል አድርጎ እንዳይሆን ፈራሁ።»

ቀመስሁ። ዓይናቸው ከአፌ አልተነሣም።

«እንዴት ነው?»

«እንዳይቀየሙኝ ጋሼ... ውሃ ውሃ ይላል።»

«ጨውስ?»

«የለውም።»

«ሽንኩርት?»

«ሽታውም የለ። ምንም ምንም አይልም።»

የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። ደረጃውን እንደ ወጣት እየዘለሉ ወረዱ፤ ድምፃቸው ከታች ሆኖ ግቢውን ሞላው።

«እሜቴ! ነይ እናቴ፣ ነይ ብይ፤ አልጣፈጠም!»