ጠጄ ሰነፍ ሁለት

ዶክተር አመተሥላሴ ለዕፅዋት ትምህርት ክፍል ኃላፊ እየጻፈች ነበር፤ የምርምሩን ገብስ በረዶ እንደመታው፣ በመጠባበቂያ የተቀመጠው ዘርም ከነከረጢቱ እንደጠፋ። ከረጢቱ ከእጁ የጠፋው ተማሪዋ ምስክር ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ስልኩ ጮኸ።

— ሄሎ... አቤት፣ እኔ ነኝ... እትዬ ጠጄ! የቀየት መንደሯ! እንዴት ነዎት?... እኔም ደህና ነኝ... አሁንም ብቻዬን ነው የምኖረው፣ አዎ። ይለመዳል፣ እትዬ... ይልቅ በረዶው እርስዎ ዘንድ እንዴት ነበር?... ተመስገን። የእኛንስ አንድ ዘለላ አላስቀረልን።

— ሄሎ? ይሰሙኛል?... ማን ሰደበዎት?... ምስክር? የኔ ተማሪ?

(አንተ ምስክር! እኚህን ሴትዮ ምን ብለህ ነው የሰደብካቸው? ቤታቸው አሳድረውህ!)

— እሺ፣ እየሰማሁ ነው... ከረጢት ትቶ ሄደ... ላዩ ላይ የተጻፈውን ልጅዎ አማከለች አነበበችልዎት። ምን ይላል?... «ጠጄ ሰነፍ ሁለት»?

— ኧረ አልሳቅሁም!... ውስጡ ምንድን ነው?... ገብስ... እትዬ፣ ቆላችሁት እንዴ?

— አንዲት ፍሬ እንኳ አልተነካም?... የእሱ አስተማሪ መጥታ ጉዱን እስክታይ... ምሰሶው ላይ ሰቀሉት...

የጀመረችውን ደብዳቤ ወደ ጎን ገፋችው።

— አለሁ፣ አለሁ... እትዬ፣ ስድብ አይደለም፣ የገብሱ ስም ነው! አምና እርስዎ የሰጡን ሰነፍ ቆሎ፣ ብዙ ሳይፈተግ ልጣጩን የሚጥለው... አዎ፣ እሱ። ከማን እንዳገኘነው እንዳይረሳ ስምዎን ጻፈ፣ «ቆሎ» የሚለውን ዘለለው... ሁለትማ ሁለተኛው ከረጢት ማለት ነው፤ ደረጃ አልሰጠዎትም!... አንደኛውን ዘርተነው ነዋ በረዶ የበላው።

— ባይሰድበኝ ለሰንበቴ እቆላው ነበር ነው የሚሉኝ?... እንኳን ሰደበዎት!

(ምስክር፣ ዘሩ አለ! አልተቆላም! አታልቅስ፣ ይልቅ ለነገ መኪና ፈልግ።)

— ምን አሉኝ?... የእኔ ገብስ ለእናንተ ምን ይጠቅማል ነው? እትዬ፣ ይህን ዘር ከሌላው ለይተው እዚህ ያደረሱት እኮ እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ናቸው። እኔ ክፍል ገብቼ የማስተምረው የእናንተን ሥራ ነው... እውነቴን ነው።

— ነገ እንመጣለን። አይጥ እንዳይደርስበት ብቻ... ይቅርታውን ራሱ ይጠይቅዎታል... ድንጋይ ተሸክሞ?

(ድንጋይ ተሸክመህ ካልመጣህ ከረጢቱን አላወርድም ብለዋል።)

— እሺ ብሏል... ከዚያው ከደጅዎ ያነሣል፤ ከዚህ ከጫንንማ ሹፌሩ ያወርደናል... በሉ፣ ደህና ይሁኑ... እሺ... እሺ፣ ትልቁን።