ላሟ ለእሱ፣ ልጅቷ ለእኔ

ከቤሌ ወደ ሶዶ ስንመጣ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ወጣት፣ ሌላዋ በዕድሜ እናቷ የምትሆን። የተዋወቁት እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ነው።

“ፍቺው አለቀ አይደል?”

“አለቀ፣ እናቴ። ልጅቷ ለእኔ፣ ላሟ ለእሱ ተወሰነ።”

“ታዲያ ዛሬ ፍርድ ቤት ምን ይወስድሻል?”

“ልጅቷ እንቅልፍ አጣች። ከተወለደች ጀምሮ ከላሟ ጋር አንድ ቤት ነው ያደረችው። ትንፋሿን ካልሰማች አትተኛም።”

“ውይ! እና እንዴት አደረጋችሁ?”

“ሲመሽ አባቷ ላሟን እየነዳ ያመጣታል። ሲነጋ ይወስዳታል።”

“አምጥቶስ ዝም ብሎ ይሄዳል?”

“ልጅቷ እስክትተኛ በር ላይ ይቆማል። ‘ተኛች?’ ይለኛል። ‘ተኛች’ እለዋለሁ። ከዚያ ይሄዳል።”

“እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለሽ ትከሺዋለሽ?”

“መክሰስስ አይደለም። ሌላ ሊያገባ ነው፤ የሚያገባት ደግሞ ላሟ ከግቢ አትወጣም ብላለች። ለዳኛው እንዴት ብዬ ልንገራቸው?”

“ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸዋ።”

“እሳቸው እኮ ከላም ጋር አድረው አያውቁ ይሆናል።”

ዓይኔን ጨፈንኩና በሞተሩ ድምፅ ውስጥ የላሟን ትንፋሽ ፈለግኩ።