ማፍጠሪያ ያጣችው ድመት

ቴፒ ላይ ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላ አያስጥልም፤ ያገኙት በር ይገባል። እኔም ከእንስሳት ክሊኒኩ ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ ስሄድ ዝናቡ ሐጂ ሙሐመድሳኒ ደጃፍ ላይ ያዘኝና ገባሁ። ሐጂ ከጅማ መጥተው እዚሁ ያረጁ የቡናና የእህል ነጋዴ ናቸው። ከባንኮኒው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ አንዲት ወፍራም ድመት ተኝታለች። ከፊቷ የተቀመጠውን ወተት ዝንብ ወርሶታል።

«አትበላም እንዴ፣ ሐጂ?»

«ጾማለች» አሉ ፈገግ ብለው። «እንስሳ ሲያመው ራሱን ያውቃል። ሲርባት ትበላለች። ተቀመጪ ልጄ።»

ተንበርክኬ ጆሮዋን ገለጥ አድርጌ፣ ከዚያም ድዷን አየሁ። ሁለቱም እንደ እርድ ቢጫ ሆነዋል።

«መብላት ያቆመችው ምን ሆና ነው?»

መልሱን የሰጠኝ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው ልብስ ሰፊው ሸምሱ ነው። «ያለ ምግብ መጋዘን ተዘግቶባት ነዋ! አይጥ እንድታድን።»

«አንተ ስለሳቅህብኝ አይደል የዘጋሁባት?» አሉ ሐጂ ቆጣ ብለው። «ድመት እንደ ሙሽራ ይቀልባል ብለህ ሰፈሩን ያዳረስከው!»

«መጋዘኑ ውስጥ ምን አለ?» አልኩ።

«ቡና።»

«በቆሎውስ?»

«ተሸጠ።»

«ታዲያ አይጥ ቡና ይበላል?»

ሐጂ ጺማቸውን ያዙ። ሸምሱ መኪናውን አቆመ።

«ቢሆንም» አሉ ሐጂ ትንሽ አስበው፣ «ወፍራም ናት። ከስቧ እየቀነሰች ትቆያለች። ግመል እንደዚያ አይደል?»

«ድመት ግመል አይደለችም፣ ሐጂ። የሚገድላት እሱ ስብ ነው። ድንገት ምግብ ስታጣ ስቧ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ጉበቷም ይታፈናል። ጉበቷ ሲታመም ያቅለሸልሻታል፤ የምግብ ፍላጎቷም ጭራሽ ይጠፋል። አሁን ሥጋ ቢያቀርቡላትም ፊቷን ታዞራለች። እስኪርባት ከጠበቁ ርሃቡ አይመጣም።»

ስለ ላም ስናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። ስለ ድመት ስናገር ግን ቀልድ ይመስለዋል።

«እኔ ረመዳንን ጾሜ ስወጣ ሰውነቴ ቅልል ይለኛል» አሉ ሐጂ። «ጾም መድኃኒት ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ማታ ያፈጥራሉ። እሷን ማን አስፈጠራት?»

ሐጂ ጎንበስ ብለው ድመቷን ዳበሷት።

«ዘይቱ ናት ያሳደገቻት» አሉ። ዘይቱ ያረፉት ባለቤታቸው ናቸው። «እሷም ከሄደች ስገባ የሚቀበለኝ የለም። ትድናለች?»

«ቃል አልገባም። ለመዳን ግን መብላት አለባት፣ እምቢ ብትልም። ዓሣ ወይም ሥጋ ቀቅለው ይፍጩ፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት አይንካው። በመረቁ አቅጥነው፣ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ከአፏ ጎን ትንሽ ትንሽ ያጉርሷት። ቀኑን ሙሉ ይደጋግሙላት። ጠዋት ክሊኒክ ያምጧት፤ የማቅለሽለሹን መድኃኒት እሰጣታለሁ።»

«የራስ ምታት ኪኒን ግማሹን ልሰጣት ነበር እኮ።»

«ሰጥተዋት ቢሆን ኖሮ እኔ ባላስፈለግኩዎት ነበር። የሰው ኪኒን ድመት ይገድላል።»

ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ሐጂ ካርቶኑን አቅፈው በር ላይ ነበሩ።

ከሳምንታት በኋላ ቡና ልገዛ ሐጂ ዘንድ ገባሁ። ድመቷ ከስታለች፤ ጆሮዋ ግን ሮዝ ሆኗል። ሸምሱ ደግሞ አይጥ ጨርቅ ስለበላበት የራሱን ድመት ሊያስርብ እየዛተ ነው።

«ሞኝ!» አሉት ሐጂ። «ድመት ጠግባም ታድናለች፤ ተፈጥሮዋ ነው። የተራበችው ትታመማለች፤ አይጡም ይተርፋል፣ አንተም ድመት ታጣለህ። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ሐኪም ጋ ውሰዳት። ወፍራም ከሆነች ቀስ በቀስ ቀንስላት እንጂ ድንገት አትከልክላት። ጉበት ቀልድ አያውቅም!»

ያልኩትን ሁሉ ራሳቸው የደረሱበት አስመስለው ተናገሩት። አላረምኳቸውም፤ እኔ ብናገረው ሸምሱ ይስቅ ነበር።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሐጂ በፈቃዳቸው ጾመው ውለዋል። የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ለማፍጠር አንዲት ቴምር አነሡ። ከዚያ መልሰው አስቀመጧትና መጀመሪያ የድመቷን ሳህን ሞሉ።